ቀኝ ጫማው የቀደመ ዕለት

ኮልቢ ሬምፔል ከቀኝ እግሩ ጀመረ።

ኖሪን ዋሲልኮ ያየችው መልበሻ ክፍሉ በር ላይ የፎጣ ክምር ታቅፋ ቆማ ነው። ልጁ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከሥሩ ስለት ያለውን ቀኝ የበረዶ ሆኪ ጫማውን አጠለቀ፣ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አደረገ፣ ከዚያ ወደ ግራው ዞረ። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ልጆች አንዱም ቀና ብሎ አላየውም። ኖሪን ግን ፎጣውን አስቀምጣ ማስታወሻ ደብተሯን ከኪሷ አወጣች። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ይህ ነበር፦ «ሬምፔል። ግራ የቅልጥም መከላከያ፣ ግራ ጫማ፣ ከዚያ ቀኝ። የዱላውን ፕላስተር ከተረከዙ ወደ ጫፉ ይጠቀልላል፤ አሥራ አንድ ዙር። ሲወጣ የበሩን መቃን ሁለቴ ይነካል።» በስልሳ ሁለት ጨዋታ አንድም ቀን አልተዛነፈም። ዱላውን አየችው። ፕላስተሩ ከጫፍ ወደ ተረከዝ ተጠቅልሏል። ዘጠኝ ዙር።

ከዐሥር ቀን በፊት፣ በአራተኛው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ የተጋጣሚያቸው የሊንድሪ ቡድን ተከላካይ በክርኑ መንጋጋውን ብሎት ልጁ ከሜዳው ግድግዳ ጋር ተላትሞ ነበር። ዛሬ ሰባተኛውና የመጨረሻው ነው፤ ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኮልቢ ደግሞ ለመጫወት የሐኪም ፊርማ ይዟል።

ኖሪን ለሄዘርሊ ባጀርስ ወጌሻ ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ልጆቹ «ማዘር» ነው የሚሏት። ቡድኑ ትንሽ ስለሆነ የጫማዎቹን ስለት የምትስለውም እሷ ናት። ከዚያ በፊት በእህል ዘር መመርመሪያ ላቦራቶሪ ነበረች፤ እርጥብ ወረቀት ላይ ከተዘረጋው መቶ ፍሬ ስንቱ እንደበቀለ መቁጠር ነበር ሥራዋ። የሆኪ ልጆች ለመቁጠር ከዘር የበለጠ ይመቻሉ። እያንዳንዱ የራሱ ሥርዓት አለው፤ አንዱ ካልሲውን ገልብጦ ያደርጋል፣ አንዱ ከግብ ጠባቂው በፊት ውሃ አይጠጣም። እናቱ ብትሞት እንኳ ሥርዓቱን የሚያፈርስ ልጅ አላየችም።

ሊጉ ለጭንቅላት ጉዳት የሚሰጠው ፈተና ግን ይህን አይቆጥርም። በመስከረም እያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፤ ቃላት ይሸመድዳል፣ ቅርጽ ያስታውሳል፣ ቀይ ሲበራ ቀዩን፣ አረንጓዴ ሲበራ አረንጓዴውን ይጫናል። ነጥቡ ይቀመጣል። ጭንቅላቱን የተመታ ዕለት ያንኑ ፈተና ይወስዳል፤ ነጥቡ ከመስከረሙ ካልወረደ ደህና ነው ይባላል። ኮልቢ በትምህርት ቤቱ በሒሳብ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነው። በመስከረም ያገኘው ከመቶ ስልሳ አንድ ነበር። ሰባት ጊዜ ቀይ ሲበራ አረንጓዴውን ተጭኗል።

ኖሪን ያኔ ወረቀቱን ይዛ አሰልጣኙ ዋረን ዱሼክ ቢሮ ገባች። «ዋረን፣ ይሄ ቁጥር ልክ አይደለም» አለችው።

«የሆኪ ልጆች ናቸው ኖሪን። ምን ጠብቀሽ ነበር?»

ሳቀ። እሷም ወረቀቱን አጥፋ ወጣች፤ ራሷን ይቅር ያላለችው በዚህ ነው።

ምክንያቱን የሰማችው በጥር፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከሌላ ቡድን የተዛወረ ልጅ በማግስቱ ሊፈተን ነበር። አምበሉ ጄሬት ፓውልሰን ከኋላዋ ወንበር ሆኖ ያስጠናዋል።

«ስማ አዲሱ፣ ነገ ማዘር ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጥሃለች። ጎበዝ ነኝ እንዳትል! እንቅልፋም ሆነህ ሥራው። ነገ ጀዝበህ ከተገኘህ፣ ጭንቅላትህን የመቱህ ቀንም ያው ጀዝባ ነህ፤ ማንም ከሜዳ አያስወጣህም።»

«ቢያውቁብኝስ?»

«የሆኪ ተጫዋች ደደብ ሆነ ብሎ ማን ይገረማል?»

ዙሪያው በሳቅ ፈነዳ። ጄሬትን ያስተማረው የፊተኛው አምበል ነው፤ እሱን ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረው። ኖሪን አልሳቀችም። በማግስቱ ሁሉም እንደገና ይፈተኑ ብላ ለአሰልጣኙ ነገረችው፤ «ውድድሩ ሲያልቅ» አላት። ለክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጻፈች፤ መልስ የለም። በየካቲት ደግማ ጻፈች፤ ለደጋፊዎች ቀን የሻይ ቤቱን ተራ እንድትይዝ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣላት።

አሁን ደብተሯን እንደያዘች የአሰልጣኙን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ሬምፔል አይጫወትም።»

ዋረን ክራቫቱን እያሰረ ነበር። «እባክሽ ዛሬ እንኳ ተይኝ።»

«ቀኝ ጫማውን አስቀደመ።»

«ምን አልሽ?»

«ቀኝ ጫማውን አስቀድሞ አጠለቀ። ፕላስተሩን ገልብጦ ጠቀለለ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።»

ዋረን መስታወቱ ውስጥ አያት። «ልጁ ጫማ አቀያየረ ብዬ ለሰው ልንገር?»

«አልተሻለውም ብለህ ንገር።»

«ሐኪሙ ፈርሟል!»

«ሐኪሙ መቼ አየው? ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ቁጥር ነው ያየው። ቁጥሩን ታውቀዋለህ? ስልሳ ሦስት! በመስከረም ስልሳ አንድ ነበር። ግድግዳ ላይ ከተላተመ ወዲህ ሁለት ነጥብ ጎብዟል። እንኳን ደስ ያለህ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች መልማዮች ተቀምጠዋል፤ እሱን ሊያዩ ነው የመጡት። ልጁ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ለዚህ ቀን ነው የኖረው። ይህን ልትነጥቂው ነው?»

«እኔ ነኝ የምነጥቀው?»

«ወረቀቱ ደህና ነው ካለ ደህና ነው። ውጪልኝ፣ ልልበስ።»

ኖሪን ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ገጽ አሥራ ዘጠኝን ደግማ አነበበች። ደብተሯን ኪሷ ከተተች። ከዚያ መልበሻ ክፍል ገብታ ኮልቢ ፊት በርከክ አለች።

«ጫማህን አውልቅና ስጠኝ፤ ስለቱን አንዴ ልየው።»

«እሺ ማዘር» አለ። ጥያቄ አልጠየቀም። ከጨዋታ በፊት ስለቱን የምታየው ሁልጊዜ እሷ ናት፤ የሰጣት በዚህ እምነት እንደሆነ ታውቃለች፣ ይህም አንገበገባት።

ስለት መሳያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። በእያንዳንዱ ጫማ ሥር ያለውን መልቀቂያ ስትጫነው ብረቱ ቀጭ ብሎ ወጣ። ግራውን አወጣች፣ ቀኙን አወጣች። ከመሳቢያው የመጠባበቂያውን ጥንድ ጨመረች። አራቱን በፎጣ ጠቅልላ ካፖርቷ ኪስ ከተተች። ኮልቢ እግሩ አሥራ ሦስት ቁጥር፣ ከሁሉም ትልቁ ነው፤ በሁለቱም ቡድን ለጫማው የሚገጥም ስለት ያለው የለም። ባዶውን ጫማ መልሳ እግሩ ሥር አኖረችለት።

ልጁ ገለበጠው። «ማዘር፣ ስለቴ የለም።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ጭንቅላትህ አልዳነም፣ ዛሬ አትጫወትም።»

ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሣ።

«ኧረ ማዘር ቀልዱን ተዪው!»

«ሰባተኛ ጨዋታ እኮ ነው!»

«ለሊንድሪ ነው እንዴ የምትሠሪው?»

ኮልቢ ቆመ። ያለ ጫማም ከእሷ በሁለት ራስ ይበልጣል። ፊቱ ቀልቷል። «ምን አደረግሁሽ? ሰዎቹ እኔን ሊያዩ እኮ ነው የመጡት! እናቴ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነድታ መጥታለች! አንቺ ማን ሆነሽ ነው? ማን ነሽ?» ድምፁ ተሰበረና ተቀመጠ።

ዋረን ጩኸቱን ሰምቶ ገባ። ነገሩን ለመረዳት አልዘገየም። እጁን ዘረጋ። «አምጪ።»

«አላመጣም።»

«ኖሪን፣ አምጪ ነው የምልሽ!»

«እዚህ ሁሉም ፊት በራስህ እጅ ጻፍና ፈርም። ‹ልጁ ደህና ነው፣ የሆነ ነገር ቢሆን ኃላፊው እኔ ነኝ› በል። አሁኑኑ እሰጥሃለሁ።» ደብተሯን ገልጣ ከነእስክሪብቶው ዘረጋችለት።

ዋረን ደብተሩን አየው። አልተቀበለም።

በዚያ መሃል ኮልቢ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አነሣ፣ ገለበጠው፣ ቀና ብሎም አያት። ቁጣው ጠፍቷል። «ማዘር፣ ስለቴ የለም» አለ፤ በዚያው በፊተኛው ድምፅ፣ ፊቱ ላይ ያው መገረም።

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

ጄሬት ከአግዳሚው ማዶ «አሁን ነገረችህ እኮ፣ ኮልቢ» አለ።

«ማን?»

ጄሬት ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ዋረን የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰው። ልጁን ሳይሆን የስም ዝርዝሩን ነበር የሚያየው። «ሃንሰን፣ በእሱ ቦታ ግባ» አለ፤ ከዚያ ወደ ኖሪን ሳይዞር «ነገ ቁልፍሽን አስረክቢ።»

ኖሪን ጨዋታውን አላየችም። የሊንድሪ ወጌሻ የሁለቱንም ቡድን እንዲጠብቅ ለምና፣ ኮልቢንና እናቱን በፒካፕ መኪናዋ ጭና ዘጠና ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ሆስፒታል ነዳች። ግራና ቀኝ ሜዳው ገና በበረዶ እንደነጣ ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ ስታርፍበት ልጁ ዓይኑን በእጁ ይሸፍን ነበር። ሁለት ጊዜ የት እንደሚሄዱ ጠየቀ። የመጀመሪያውን እናቱ መለሰችለት፤ ሁለተኛውን ኖሪን።

ሆስፒታሉ አስተኝቶ አስቀረው። ኖሪን ስትመለስ የመኪናው ሬዲዮ ባጀርስ አራት ለሦስት መሸነፋቸውን እያወራ ነበር። ጋዜጠኛው ሬምፔል ለምን እንዳልተሰለፈ ጠየቀ።

«ከወገብ በላይ ጉዳት ነው» አለ ዋረን፤ ድምፁ የተረጋጋ ነው። «ለልጁ ጤንነት ቅድሚያ ሰጥተናል።»

ኖሪን መኪናዋን ዳር አስይዛ ሬዲዮውን ዘጋችው። ከወገብ በላይ! ጭንቅላት ከወገብ በላይ እንደሆነ ማን ይክዳል? ውሸት ቢሆን ኖሮ ልትሟገተው ትችል ነበር። ከዚያ እንደገና ነዳች።

ሰኞ ጠዋት መሳያው ክፍል ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ ከታ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኑራ፣ ለሊጉ ኃላፊዎች ትጽፍ ነበር። የሃያ ሦስቱን ልጆች የመስከረም ነጥብ ደርድራለች፤ ከጎኑ እያንዳንዱ ስንት ጊዜ ተሳስቶ እንደተጫነ። በሩ ተንኳኳ። ጄሬት ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ ዕቃውን ሊወስድ የመጣ፣ ሻንጣው ትከሻው ላይ።

«ኮልቢ እንዴት ነው?»

«ትላንት ማታ የእናቱን ስም ባንዴ አስታወሰ። መብራት ግን ዓይኑ አይችለውም።»

ጄሬት ጠጋ አለ። በኖሪን ትከሻ አሻግሮ ወረቀቱን አየ። «እንዲህ እንዲሳሳቱ ማነው ያስተማራቸው ብለው ይጠይቁሻል።»

«ይጠይቁኛል።»

«የእኔን ስም ጻፊው።»

ኖሪን ዞራ አየችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጢሙን ገና ለጥሎ ማለፉ ነው ያሳደገው፣ እሱም በወጉ አልወጣለትም። ልታዝንለት ትችል ነበር፤ ዛሬ ግን ለማንም የሚሆን ሐዘኔታ አልነበራትም።

ወንበሩን ለቃ ተነሣች፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች።

«በራስህ እጅ ጻፈው» አለች። «አንተን ያስተማረህንም ጨምር።»