የማሟያዋ ክረምት

አረጋሽ ስለ ሩጫ ስታወራ ሁሌም ከጭቃ ትጀምራለች። ሰበታ ካለው የቀለም ሱቋ ምስማር ሊገዛ የገባ ሰው እንኳ የሱሉልታን ጭቃ ከነብርዱ ሳይሰማ አይወጣም። ደግሞም አታፍርም። ስለ ሜዳሊያ የሚያወራ ሞልቷል፤ እሷ የምታወራው ስለ ክረምት ነው። ያለፈውን ክረምት ሳታነሳ የዋለችበት ቀን ካለ ታማ ተኝታለች ማለት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከወጣትነቷ ነው። ያኔ የሰበታው ክር ፋብሪካ የሴቶች ቡድን ሯጭ ነበረች። ብዙው ክለብ ሐምሌ ሲገባ ቤቱ ተቀምጦ ሲሞቅ፣ አሰልጣኛቸው ጋሽ ገብረየስ ግን ክረምት ያልሮጠ ሯጭ አይባልም እያለ ከሰበታ ማሳ እስከ ቡራዩ ዳገት ያስሮጣቸው ነበር። የክረምት ውድድር ሕጉ ቀላል ነው። ከየክለቡ አራት ሴቶች ይሰለፋሉ፤ ነጥብ የሚያዘው ግን ቀድመው ለገቡት ለሦስቱ ብቻ ነው። አራተኛዋ ከሌለች ክለቡ መሰለፍ አይችልም፤ ብትኖርም አትቆጠርም። ማሟያ ይሏታል።

ማሟያዋ አረጋሽ ነበረች። ሬሐና፣ ትጊና ሄመን ከፊት፣ እሷ ከኋላ፤ ስንት ክረምት እንዲሁ አለፈ። ዋንጫ ሲነሳ የሦስቱ ስም በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ የእሷ ስም ግን አንድም ቀን አልተነበበም። ስታኮርፍ ጋሽ ገብረየስ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያለ ያባብላት ነበር። እሷም በልቧ፣ የኔን ሎሚ ማን አየው ትል ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ይቆጫት ነበር።

ፋብሪካው ተዘጋ፤ ጋሽ ገብረየስም አረፈ፣ ነፍሱን ይማር። አራቱ ግን ልጅ ከዳሩ፣ ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ እንደገና ተገናኙ። ያገናኘቻቸው ሬሐና ናት። ቡራዩ አግብታ ጨርቅ ትነግዳለች። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መካከል የአንጋፋ ሴቶች የክረምት ሩጫ በዚያው በድሮው ሕግ መጀመሩን እንደሰማች ጓደኞቿን በቴሌግራም ጠራርታ ሰበሰበቻቸው። የቡራዩ ሴቶች፣ የኛን ውሃ እየጠጣሽ ለሰበታ ትሮጫለሽ ብለው ከሃዲ የሚል ስም አወጡላት። እሷም ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ፣ እኔን እንጂ እግሬን ለቡራዩ አልዳሩትም ብላ አሳቀቻቸው።

የመጀመሪያውን ሩጫ ሰበታ ላይ ሰበታ አሸነፈ። ሁለተኛውን ቡራዩ ላይ ሱሉልታ ወሰደው። የዋንጫው ነገር ሱሉልታ ለሚደረገው ለመጨረሻው ተንጠለጠለ። ቡራዩ ላይ ታዲያ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ጂጂ የምትባል፣ አርባን ገና የተሻገረች፣ እግሯም አፏም የፈጠነ የሱሉልታ ሯጭ ከሩጫው በፊት ወደ አረጋሽ መጣችና በአክብሮት ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ እርስዎም የሚሮጡ ከሆነ ጃኬታችንን ማን ይጠብቅልናል?»

ስድብ ነው፤ ግን በአንቱታ ተጠቅልሎ መጣ። አረጋሽ ጃኬቷን አውልቃ ተሰለፈች። እማማ የምትለዋን ቃል እያኘከች ሰነበተች።

የሱሉልታው ቀን ነሐሴ መሀል ላይ ዋለ። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። መነሻው ላይ ቆመው ሳለ ሬሐና፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላ አረጋሽ ላይ አሾፈች፤ አረጋሽም፣ እንቁላሉ ዛሬ ጭቃ ላይ ነው ብላ መለሰችላት። አዘጋጁ ኦቦ እውነቱ ፊሽካ ነፉ። ሬሐናና ትጊ ከሁለት የሱሉልታ ሴቶች ጋር ተያይዘው ጉሙ ውስጥ ገቡ። ሄመንና ጂጂ ተከተሉ። አረጋሽ እንደ ልማዷ ኋላውን ያዘች።

ሜዳው መሀል ካለው ረግረግ ዳር ስትደርስ ሄመንን አገኘቻት። ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ሳር ላይ ተቀምጣለች። አረጋሽ ሳታስበው ቆመች። የጋሽ ገብረየስ ልጆች ደንብ እንዲያ ነው፤ ብቻውን የሚሮጥ ብቻውን ከሚበላ አይሻልም፤ የወደቀ ጓደኛ ጥሎ መሄድማ ጭራሽ አይታሰብም። ልታነሳት ክንዷን ስትይዛት ሄመን መነጨቀቻት።

«ምን ልትሠሪ ቆምሽ? እኔ ወጥቻለሁ። ሬሐናና ትጊ ፊት ናቸው፤ ዛሬ ሦስተኛ ሆነሽ የምትቆጠሪው አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«ጂጂን ከቀደምሻት ዋንጫው የኛ ነው። ሂጂ።»

ደስ ያላት ይመስላችኋል? ፈራች። ዕድሜዋን ሙሉ መቆጠርን ስትመኝ የኖረች ሴት፣ ምኞቷ ሲደርስ ማሟያነቷ ናፈቃት። ማሟያ ብትሸነፍ ማን ይወቅሳታል? ኋላ ብትቀርስ የማን ጎጆ ይፈርሳል? አሁን ግን የሦስት ሴቶች ድካም አንድ ላይ ጫንቃዋ ላይ ወደቀ። አንዴ ሄመንን፣ አንዴ ጉሙን አየች። ከዚያ ሮጠች።

የጂጂ ቀይ ማልያ ብቻ ከሩቅ ይታያታል። ረግረግ ላይ ግን ፈጣን እግር ብዙ አይጠቅምም፤ የሚረገጠውን መምረጥ ነው የሚያደክመው። አረጋሽ ደግሞ ሰው ኋላ ስትሮጥ የኖረች ናት፤ እግር በመከተል ማንም አይበልጣትም። ጂጂ ካነሳችበት እሷ ታሳርፋለች፤ ምርጫውንም ጭንቀቱንም ለፊተኛዋ ትታለች። ክፍተቱ እየጠበበ መጣ። ጂጂ ትንፋሽ ሰምታ ዞር ስትል ማን እንደሆነች አየችና ዓይኗ ፈጠጠ።

ረግረጉ አልቆ የመጨረሻው ዳገት መጣ። መንገድ ዳር የቆሙት የሱሉልታ ሴቶች ጂጂን «ጀባዱ፣ ጀባዱ» እያሉ ያበረቷታል። ከመሀላቸው አንዲት አሮጊት ሽበቷን አይተው ነው መሰለኝ አረጋሽንም «ጀባዱ» አሏት፤ በርቺ ማለታቸው ነው። አረጋሽ እዚያ ላይ በሕይወቷ ያላደረገችውን አደረገች። ከፊቷ ያለውን እግር ትታ ወደ ጎን ወጣች። የሚረገጠውን የምትመርጠው ራሷ ሆነች፣ ንፋሱንም በራሷ ደረት ተቀበለችው። ጂጂም አልለቀቀችም፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጎበዝ ናት። ትከሻ ለትከሻ ወጡ። አረጋሽ ሳንባዋ ተቃጠለ፣ ልቧ አፏ ደረሰ። መስመሩ ጋ ሲቃረቡ ጂጂ አንዴ አቃሰተች። አረጋሽ ያቺን ሰማች፤ የቀራትን ሁሉ አሟጥጣ አወጣች፤ በአንድ ክንድ ቀድማት ገባች።

ጭቃው ላይ በጀርባዋ ተዘርራ ብቻዋን ሳቀች። ጂጂ አጠገቧ ተንበርክካ ስታለከልክ ቆየችና እጇን ዘረጋችላት።

«ተነሺ፣ ብርድ ይመታሻል።»

አንቱታው ጠፍቷል። አረጋሽ እንደዚያን ቀኑ ደስ የሚል «አንቺ» ሰምታ አታውቅም።

ሄመንን ደግፈው አመጧት። አራቱ ከድንኳኑ ፊት አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ጭቃቸው ደርቆ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ነጥቡ እስኪደመር ጠበቁ። በመጨረሻ ኦቦ እውነቱ ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረጉና በአማርኛም በኦሮምኛም ዋንጫው የሰበታ መሆኑን ተናገሩ። ቀጥለውም ነጥብ ያስገኙትን ሦስት ሯጮች ስም ማንበብ ጀመሩ። ሬሐና ከድር ሲሉ ሬሐና እጇን አወጣች። ትዕግሥት ሞላ ሲሉ ትጊ ተነሳች። አረጋሽ ለሁለቱም አጨበጨበች። ሄመን ግን ማጨብጨቧን ትታ የአረጋሽን ክንድ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«አረጋሽ ውብሸት» አለ ድምፅ ማጉያው።

አረጋሽ ከአግዳሚው ብድግ አለች። እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማት ድረስ፣ «አቤት» አለች።