ከቀዩ መስመር ውጭ

ሺገሚትሱ አርባ ዓመት ሙሉ በጃፓን ከተማ ለከተማ እየዞረ ሁለት ነገር ብቻ ፎቶ ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው፤ ትራምና የጥንት አትክልት ስፍራ። ሚስቱ ታማኤ ምሳቸውን በጨርቅ ቋጥራ ትከተለዋለች። ሰውዬው አንዲት ሕግ አለችው፤ በፎቶው ውስጥ የሰው ዘር እንዳይታይ። ድልድዩ ላይ ጎብኚ ካለ ጎብኚው እስኪሄድ ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል። ታማኤ ከገባችበትም ያው ነው።

«ታማኤ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ደግሞ።»

ታማኤ ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፤ ሳይመሽ አረፈች። በማግስቱ የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ሠራተኛ፣ ሞሪዋኪ የሚባል ትሑት ጎልማሳ፣ ከሬሳ ሣጥኑ በላይ የሚቆመውን ፎቶ እስከ ነገ አራት ሰዓት እንዲያመጣለት ጠየቀው። «ፎቶ እኔ ቤት ይታጣል?» አለ ሺገሚትሱ፣ በዚያ ሐዘኑ ውስጥ እንኳ ኩራት ቢጤ እየተናነቀው።

ታጣ። ሠላሳ አንዱን አልበም ገለበጠ። ትራም በበረዶ፣ ትራም በአበባ፣ ኩሬ፣ የድንጋይ ፋኖስ፣ እንደገና ትራም። ታማኤ የለችም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእሱ ነው። ክው ብሎ ወለሉ ላይ ቀረ።

ልጁ ቺጉሳ ከኦሳካ ስትደርስ እዚያው አገኘችው።

«አባዬ፣ አንድ እንኳ?»

«የሠርጋችን አለ።»

«ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር እኮ! ለቀስተኛው የማንን ልጅ ነው የምትቀብሩት አይለንም?» አለችው። «ዘንድሮ በጸደይ አንሣኝ ብላህ አልነበር? በስልክ ነግራኛለች።»

ብላዋለች። እዚያው ከተማቸው ኦካያማ፣ ኮራኩዌን አትክልት ስፍራ ውስጥ፣ ኩሬው ዳር ቆማ ነበር። «ጎረቤቶቻችን በሙሉ የቀብር ፎቷቸውን አስነሥተው ጨርሰዋል» አለችው። «ፊቴ ሳይረግፍ አንሣኝ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ።»

«ዛሬ ብርሃኑ አይረባም። የኩሬው አበባ ይፈንዳና።»

«እሺ እንግዲህ። ከቀደምኩህ በፎቶዬ ፈንታ ትራምህን ስቀልልኝ። ከእኔ እሷን ነው የምትወድ።» ሁለቱም ሳቁ። እሷ የሞተችው አበባው ሊፈነዳ አሥር ቀን ሲቀረው ነው።

የቀረው አንድ ሣጥን ነበር። ሺገሚትሱ ፎቶውን መጀመሪያ ሙሉውን ያሳትምና የማይፈልገውን ጥግ በቀይ እርሳስ አስምሮ ይለያል፤ አልበም የሚገባው በመስመሩ ልክ ተቆርጦ እንደገና የታተመው ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ያልተቆረጡት ናቸው። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ከቀዩ መስመር ውጭ የታማኤ እጅጌ አለ። የምሳው ቋጠሮ አለ። የጃንጥላ ጫፍ አለ። ፊት የለም።

«አባዬ፣ ይቺስ?»

ትራሙ ዝናብ ውስጥ ቆሟል። ኦካያማ ዝናብ እምብዛም ስለማታውቅ፣ በዘነበ ቁጥር ሺገሚትሱ ካሜራውን ይዞ ይሮጥ ነበር። የትራሙ የመጨረሻ መስኮት አንጸባርቆ ሥዕሉን ስላበላሸበት ከቀዩ መስመር ውጭ አስቀርቶታል። መስታወቱ ውስጥ ራሱ ሺገሚትሱ ካሜራው ላይ አጎንብሶ ይታያል። ከኋላው ታማኤ ክንዷን ዘርግታ ጃንጥላውን ለእሱና ለካሜራው ይዛላቸዋለች። እሷ ራሷ ዝናቡ ላይ ነች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ትስቃለች።

«እርጥብ ናት» አለ ሺገሚትሱ። «ቺጉሳ፣ እናትሽ በስብሳለች እኮ። አንድ ቀን ዞሬ አላየኋትም!» ቺጉሳ ልትቆጣው አስባ ነበር፤ አንጀቷን በላትና ተወችው።

በነጋታው ሞሪዋኪ ፎቶውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ስካን አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። «አይጨነቁ፣ ጋሼ። ትራሙን እናጠፋዋለን፣ ጃንጥላውንም። ፀጉራቸውን አድርቀን ጥቁር ኪሞኖ እናለብሳቸዋለን። ከኋላ ሰማያዊ እናደርገዋለን። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያሠራው። እዚህ ቀዩ መስመር ላይ ልቁረጠው?»

«አትቁረጥ።»

«ፊታቸው ግን የጥፍር ያህል ነው የምትሆነው…»

«ምንም አትቁረጥብኝ፣ ልጄ። ትራሙም ይግባ። እሷው ናት ያዘዘችው።»

በዚያው ምሽት ከሬሳ ሣጥኑ በላይ፣ ነጭ አበባ መሐል፣ አንድ ትልቅ ትራም ቆመ። ለመሰናበት የመጣው ሰው ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ግራ ይገባዋል። ሺገሚትሱ ከፎቶው ሥር ቆሞ ለእያንዳንዱ በጣቱ ያሳያል። «ይችውና፣ እዚህ ናት። ከኋላዬ ነበረች።» አንድ ለቅሶ ደራሽ ሳያመልጠው፣ ለሁሉም እንዲሁ አለ።

በመጨረሻ በትልቁ ፎቶ ላይ እናቷን በደንብ ያላየችው ቺጉሳ ብቻ ቀረች። ቀረብ ብላ አንገቷን አሰገገች።

«አባዬ፣ ከለልካት እኮ። ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ።»

ሺገሚትሱ ፈቀቅ አለ።

«ትንሽ ደግሞ» አለችው።

ፈቀቅ አለና፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሰቀሰቀ።