ከቅጽር ውጪ የቆመው ሰው

ቄስ ነኝ፤ ስሜ ተክለ ማርያም ይባላል። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ደብር፣ ሚካኤልን ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። ቁጡ ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። ይህንንም የምጽፈው ተናድጄ ነው። ከተናደድሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ እስካሁን አልበረደልኝም።

ነገሩ የድንጋይ ከሰል ነው። ማር ቆራጮች ከበሽሎ ገደል አፋፍ እሳት ቢያነዱ ድንጋዩ አብሮ ነደደ ተባለ። ዓመት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ሰዎች መጡና የማዕድን አክሲዮን ማኅበር አቋቋምን አሉ። እኛ ማኅበር ሲባል የምናውቀው ጽዋ የምንጠጣበትን ነው፤ ስለዚህ አልፈራንም። አንዱ አክሲዮን ሠላሳ ብር ነበር። በጉን የሸጠ ሸጠ፣ ገብሱን የሸጠ ሸጠ። ታላቅ እህቴ አልጣሽ ደግሞ ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላትም ነበርና እኔን ጠየቀችኝ። ከጥማድ በሬዎቿ አንዱን፣ ቡሬን፣ ሽጪ አልኋት። በስድሳ ብር ሸጠችው፣ ሁለት ወረቀት ገዛች።

አልጣሽ ማለት ለእኔ እናትም ናት። በተማሪነቴ ቅኔ ቤት ሳለሁ ሁለት ቀን በእግሯ እየተጓዘች ድርቆሽ ታመጣልኝ ነበር። ስለዚህ ያን ምክር ስሰጣት ልጎዳት እንዳላሰብሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን እግዚአብሔር ማወቁ ቡሬን አልመለሰም።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ሳንቲም ትርፍ አላየንም። ጉድጓዱን ውሃ ሞላው፤ ከሰሉን በአህያ ጭኖ ደብረ ታቦር ማድረሱ ደግሞ ከከሰሉ ዋጋ በለጠ። ኩባንያው የቀረው ሁለት ዘበኛና አንድ የዛገ ጋሪ ነበር። አልጣሽ በአንድ በሬ ቀረች። ከጎረቤቷ ከአቶ ጓዴ በሬ ጋር በመቀናጆ፣ አንድ ሳምንት የእሱን አንድ ሳምንት የእሷን እያረሱ፣ ልጇ ላቀው ጓሮውንም እርሻውንም ይዞላት ኖረ። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ላይ የጓዴ በሬ ገደል ገባ።

በዚያው ሰሞን ነው የገዢው ወሬ የመጣው። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ትልቅ ነጋዴ ኩባንያውን ሊጠቀልለው ፈልጓል፤ ለአንዱ አክሲዮን ሃያ አምስት ብር ይከፍላል፤ የሚሸጥ ሰው እስከ ግንቦት ሠላሳ ወገዳ ላለው ወኪሉ ወረቀቱን ያስረክብ ተባለ። ከአምስት መቶው አክሲዮን ሁለት መቶ ሃያውን አስቀድሞ ገዝቷል። ሠላሳ አንድ ቢጨምር ከግማሽ ይበልጥና ኩባንያው የእሱ ይሆናል።

በግንቦት ሚካኤል ጽዋችንን ከጠጣን በኋላ ጉዳዩን አነሣን። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት አለቃችን፣ ባላምባራስ አንዳርጌ ነበር። አብረን ፊደል ቆጥረናል፤ በሠርጌ ሚዜዬ እሱ ነው። የማኅበሩ ሰዎች ተደማምረን ዘጠና አክሲዮን ነበረን። አንዳርጌ ሀብታም ስለሆነ ከዘጠናው አርባው የእሱ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ሙላው መጀመሪያ ተናገረ። «እኔ እሸጣለሁ። ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁ፤ ጉድጓዱ ያወጣው እንቁራሪት ነው። ከሠላሳው አምስት ብር ቢጎድል ምን አለበት? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

ሰው ሳቀ። አልጣሽም ከሴቶቹ መካከል ሆና ራሷን ነቀነቀች። ሃምሳ ብሩ አንድ በሬ ይገዛል፤ ወይፈን ቢሆንም በሬ ነው። ሰኔ ሳይገባ ከእጇ ከደረሰ ማሳዋ ይታረሳል። ካልደረሰ ጦም ያድራል፤ ወይም አዝመራውን ለሁለት ሊካፈሉ ለሌላ ሰው በእኩል ይሰጣል።

አንዳርጌ ሁሉም እስኪጨርስ ጠበቀ። ከዚያ በዚያ ቀስ ባለ አንደበቱ፣ «የማይጠቅም ነገር ማን ይገዛል?» አለ። «ሰውዬው የሚያውቀው ነገር አለ። መንገድ ሊወጣ ነው ሲባል እኔም ሰምቻለሁ። ሠላሳ አንድ አክሲዮን ቸግሮታል። የቀረውን የያዙት የአዲስ አበባ ሰዎች አይሸጡም፤ ከእኛ ሌላ የሚሸጥለት የለም። እኛ እምቢ ካልን ሃያ አምስቱ አርባ፣ አርባውም ሃምሳ ይሆናል። ነገር ግን አንዱ ሾልኮ ከሸጠ ሁላችንም ጠፋን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና እንተባበር።»

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ደስ አለኝ። ሒሳቡ ገባኝ፣ ስለገባኝም ኮራሁ። ሙላው አይገባውም ብዬ ሁለት ጊዜ አስረዳሁት። ሙላው ግን የገባው ከእኔ ቀድሞ ኖሯል።

«ቃል ብቻውን ምን ይሆናል?» አለ አንዳርጌ በመጨረሻ። «አባታችን ይገዝቱን።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገዘትኋቸው። ሠላሳ አራት ሰው በቅጽሩ ውስጥ ተሰልፎ እያንዳንዱ መስቀሉን ተሳለመ፤ ገዢው ዋጋ ሳይጨምር ወረቀቴን ብሸጥ ቤቴ አይቁም እያለም ማለ። እኔም በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ብዬ፣ «በዚህ ቅጽር ቆሞ ቃል የሰጠ ሁሉ» ብዬ አሰርሁ። አልጣሽ ከሰልፉ ማብቂያ ነበረች። መስቀሉን ስትሳለም ዓይኔን አላየችኝም።

አንዳርጌ አልገባም። ከደጀ ሰላሙ ውጪ፣ ከወይራው ሥር፣ ጋቢውን ተከናንቦ በዘንጉ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ስጠራው አንገቱን ደፍቶ፣ «ዛሬ አልገባም አባ፣ ንጹሕ አይደለሁም» አለኝ።

በእኛ አገር ከቅጽር ውጪ የቆመን ሰው ለምን ቆምህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሌሊት ከሚስቱ ጋር ተኝቶ ይሁን፣ ጾም ፈትቶ ይሁን፣ ቁስል ኖሮበት ይሁን፣ ያ የእሱና የነፍስ አባቱ ነው። የነፍስ አባቱ ደግሞ እኔ ነኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ባለማዕርግ ሆኖ ሳለ ሰው አየኝ ሳይል ከውጪ መቆሙን እንደ ትሕትና ቆጠርሁለት። በማግስቱም ማር ላኩለት፤ አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይህ ማር ነው።

ግዝቱ በሆነ በአራተኛው ቀን አልጣሽ ቤቴ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አንተ ነህ ያሰርኸኝ፤ አንተ ፍታኝ» አለችኝ።

«እታለም፣ ከስምንት ቀን አይበልጥም። አንዳርጌ ወገዳ ወርዶ ከሰውዬው ወኪል ጋር እየተነጋገረ ነው።»

«ስምንት ቀን ለእናንተ ነው። እኔ ዘር አለኝ፣ መሬት አለኝ፣ በሬ የለኝም። ላቀው በአንድ በሬ ምን ሊያርስ? ሃምሳ ብር ብቻ ነው የምሻው። ለአርባውም ለሃምሳውም እናንተው ቆዩ።»

«አንቺን ከፈታሁ ሁሉንም ልፈታ ነው። እህቱን ፈታ፣ እኛን አሰረ ይሉኛል።»

«ይበሉሃ። ብለውስ?»

እኔ መልስ ሳጣ እቆጣለሁ። ግዝት የልጅ ጨዋታ እንዳልሆነ፣ ሃይማኖት በበሬ እንደማይለወጥ፣ ብዙ ነገር ተናገርሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ከጎረቤት ሰምቻለሁ። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ «ይሁን። ቡሬን ሽጪ ያልኸኝ ዕለትም እንዲህ ነው ድምፅህ» ብላ ወጣች።

ግንቦት ሠላሳ ወገዳ ወረድን። ወኪሉ መነጽር ያደረገ ሰው ነበር፤ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቷል። ዋጋው ስንት ደረሰ ብለን ብንጠይቀው ወረቀቱን እየሰበሰበ፣ «ከእንግዲህ አንገዛም። ጌታዬ ከግማሽ በላይ አግኝተዋል» አለን።

«ከማን?» አለ ሙላው። «ከእኛ አንድም ሰው አልሸጠም። በግዝት ታስረናል እኮ።»

ወኪሉ ደብተሩን ገለጠ። «ባላምባራስ አንዳርጌ፣ አርባ አክሲዮን፣ አንዱ በሰባ ብር። ግንቦት ዐሥራ ስድስት።»

ግንቦት ዐሥራ ስድስት ግዝቱ በሆነ በሁለተኛው ቀን ነው። አልጣሽ ፍታኝ ብላ የቆመችበት ዕለት ብሩ ከተቆጠረ ቆይቷል። ወኪሉ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ፊታችንን ሲያይ አዘነልንና አስረዳን። ጌታው ለማንም ከሃያ አምስት በላይ የመክፈል አሳብ አልነበረውም። ግን ሠላሳ አራቱ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን እምቢ ሲሉ ሊሸጥለት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ያም ሰው የፈለገውን ጠራ። አንዳርጌ የእኛን በር ሁሉ ያዘጋው የእሱ ብቻ ክፍት እንዲሆን ነበር። መዝጊያውን የገፋሁት እኔ ነኝ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወገዳ በቀጥታ አንዳርጌ ቤት ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ሆኖ በቅሎውን ጨው ያስልስ ነበር። ጠላ ቅጂላቸው አለ ለሚስቱ፤ አልቀመጥም አልሁ።

«ተገዝተህ ሳለ!» አልሁት።

«እኔ መች ማልሁ?» አለኝ። አልተቆጣም፣ አላፈረም። «ውጪ ነበርሁ፣ አይተኸኛል። በቅጽሩ ቆሞ ቃል የሰጠ አልህ እንጂ ከውጪ ያለውንም አላልህ።»

«ንጹሕ አይደለሁም አላልኸኝም?»

«አልሁህ። እውነቴን ነበር እኮ፣ ተክሌ።»

ከዚህ በኋላ የተናገርሁትን አልጽፈውም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለውን ስሰማ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ኃጢአቱን እየሰማሁ እግዚአብሔር ይፍታህ እያልሁ፣ ያንን ልብ አላየሁትም። እንቅልፍ አጣሁ፤ ምግብ አስጠላኝ። ሳለቅስ ሚስቴ አየችኝ፤ አፈርሁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ አሳብ ያዝሁ። በመጪው የሚካኤል ዕለት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ አንዳርጌን በስሙ ጠርቼ አወግዘዋለሁ። ከውጪም ይቁም ከውስጥ አያመልጠኝም። እሳት አይጫሩለት፣ ውሃ አይቅዱለት፣ ሲሞትም አይቅበሩት እላለሁ። ከዚያ በፊት ግን አልጣሽን ልፍታት ብዬ መስቀሌን ይዤ ወደ ማሳዋ ሄድሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑን አላጣሁትም፤ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ነው የሄድሁት።

ከሩቅ ሳየው ማሳው እየታረሰ ነው። ላቀው ጅራፉን ያጮሃል፤ ከፊቱ ሁለት የሰቡ፣ አዳዲስ በሬዎች ይጎትታሉ። ሚካኤል ተለመነኝ፣ ከአንድ ቦታ በሬ አገኘች ብዬ ሮጥሁ፤ ሽማግሌ ቄስ በትልም ላይ ሲሮጥ ማየት ያስቃል።

አልጣሽ ከድንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጓል ትፈልጥ ነበር።

«እታለም፣ የማን በሬዎች ናቸው?»

«የባላምባራስ» አለች። «ሰሞኑን ስድስት ገዛ አሉ። መሬቴን በእኩል ሰጠሁት። በሬው ከእሱ፣ ዘሩም መሬቱም ልጄም ከእኔ።»

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ላቀው ሰላም ሳይለኝ አልፎ ዞረ። የአባቱን ማሳ ለአንዳርጌ እኩሌታ ያርሳል። መስቀሉን ዘረጋሁ።

«ልፈታሽ መጣሁ።»

ጎንበስ ብላ ተሳለመች፤ ግንባሯንም ከንፈሯንም አስነካች። እግዚአብሔር ይፍታሽ አልሁ። እንደ ማንኛዋም ምእመን አሜን አለችኝ፣ ጓሏንም መፍለጥ ቀጠለች።

«አንዳርጌን ደግሞ በሚካኤል ዕለት አወግዘዋለሁ» አልሁ። «በሕዝብ ፊት። ያለው ሁሉ እንዲጠፋ።»

አሁን እጇ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነበር።

«እንዳታደርገው» አለች። «የሚጠፋው እነዚህ አይደሉም? አንዱ ቢታመም፣ አንዱ ገደል ቢገባ፣ ማሳዬ እንደተጋመሰ ይቀራል። ሌላ ሰጪ የለኝም። እስከ ታኅሣሥ፣ እስኪወቃ ድረስ፣ በአንዳርጌ ላይ ክፉ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። ማልልኝ።»

«እንዴት አድርጌ እታለም?»

«እኔ ማልሁልህ አይደል?»

ማልሁላት። በያዝሁት መስቀል ማልሁላት።

ላቀው ትልሙን ጨርሶ ወደ እኛ ሲደርስ በእጇ አቆመችው። በሬዎቹ አረፋ ደፍቀው ይተነፍሳሉ፤ ጠንካራ ነበሩ፣ መልካም በሬዎች ነበሩ።

«ከመጣህ አይቀር ባርካቸው» አለችኝ።

ተነሥቼ በመካከላቸው ቆምሁ። መስቀሉን በአንዱ ግንባር፣ ቀጥሎም በሌላው ግንባር ላይ አደረግሁ። ከደዌ እንዲጠብቃቸው፣ ከገደል እንዲያወጣቸው፣ ጉልበታቸውን እንዲያጸናላቸው ጸለይሁ፤ አቡነ ዘበሰማያትም ደገምሁ። አልጣሽ አሜን አለች። ላቀው አሜን ሳይል ጅራፉን አነሣና ማረሱን ቀጠለ።