የሀጂ ቡሸራ ጆሮ

በመላው ኦምዱርማን ጆሮ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ሀጂ ቡሸራ እንዲህ ብሎ ያምናል። ኡድ የሚባለውን የዘፋኞች ባለ ክር መሣሪያ ሲቃኝ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ዘፋኞቹን ግን ለሰላምታ እንኳ ቀና ብሎ አያያቸውም። ክሩን ይነካል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ ከዚያ ስድቡን ይጀምራል።

ስኳር ካለበት ቆይቷል። ሻዩን ግን ዛሬም እንደ ሽሮፕ አወፍሮ ነው የሚጠጣው። ሰሞኑን የእግሩን ቁስል ያየለት ሐኪም፣ ሚስቱ ኒዕማት እያንዳንዱን ነገር በጩኸት ስትደግምለት አይቶ፣ «ስኳር የመስማት ችሎታንም ሊጎዳ ይችላል። የእርስዎ ከዚያ ይሁን ከዕድሜ አላውቅም፤ ጆሮዎን ይመርመሩ» አለው።

«እግሬን ባሳየው ጆሮዬን ይዞ ቁጭ!» እያለ ሀጂ ሰፈሩን አሳቀ። «ነገ ጥርሴን ሲያመኝ ጉልበቴን ሊነቅል ነው? እኔ ምንም አልሆንኩም። የዛሬ ሰው ነው አፉን ከፍቶ የማይናገረው። ክሩም የዛሬው የማይረባ ነው፤ በተለይ ቀጭኑ፣ ድምፅ የሚባል የለውም!»

ስለዚህ ቀጭኑን ክር ያጠብቀዋል፤ አሁንም ያጠብቀዋል።

ሐሙስ ዕለት ሙርተዳ የሚባል ወጣት ዘፋኝ ለሰርግ ኡዱን አስቃኘ። «እጅዎ ይባረክ ሀጂ» ብሎ ወጣ፤ ክር መምቻ ላባውን ግን ረሳው።

«ድንጋይ ራስ! በጥርሱ ሊመታው ነው?» ሀጂ ላባውን ይዞ እያነከሰ ተከተለው።

ሙርተዳ ከሀጂ ሱቅ ግድግዳ ማዶ፣ ሻይ ሻጯ ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሀጂ አሁን ያጠበቀውን ክር እያላላ ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው?»

ልጁ ክው አለ። በለሆሳስ የሆነ ነገር ተናገረ።

«አፍህን ክፈት!»

ደግሞ ተናገረ። ሀጂ ከንፈሩን ብቻ አየ። «ጩህ አልኩህ፣ ምን ያርበተብትሃል!»

ሙርተዳ ጮኸ። «ሁላችንም እዚህ ነው የምናስተካክለው! ከዓምና ጀምሮ! እርስዎን ላለማሳፈር ብለን ነው!»

መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ዓመት ሙሉ በክብር የተደበቀው ገመና በአንድ ጩኸት ገበያ ወጣ፤ መከባበር ይሉታል ይህንን።

ሀጂ ቅስሙ ተሰበረ። የሚሰድበው ሰው ፈለገ፤ አጣ። ሻይ ሻጯ በርጩማ ስታቀርብለት ተቀመጠና ኡዱን ተቀበለ። ቀጭኑን ክር መታ። አንገቱን ግን አላዘነበለም፤ ቀና ብሎ የልጁን ፊት አየ።

«አሁንስ ልክ ነው?» አለው።