ሻዝሊ የሚያውቃት ካይሮ

«ይህችን ራስ የሌላት አሻንጉሊት ጠዋት አላየናትም እንዴ?» አለች ነዕማት፣ ሮዝ የሌሊት ልብስ ለብሳ ሱቅ በር ላይ የቆመችውን አሻንጉሊት በአገጯ እያመለከተች።

ባሏ ሻዝሊ ዞር ብሎ አላየም። «ካይሮ ውስጥ አሻንጉሊት አንድ ብቻ መሰለሽ? በየሱቁ ሞልታለች» አለና እርምጃውን አፈጠነ።

አይቷታል። ይህ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ ያያት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር፤ አሁን ስምንት ሰዓት አልፏል። ስንቱን አደባባይ ዞረው፣ ስንቱን መንገድ አቋርጠው ሲያበቁ፣ ተመልሰው እዚያው ዓታባ ገበያ መሀል እንዴት እንደተገኙ ሊገባው አልቻለም። ግራና ቀኙ ጠፍቶበታል።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ሻዝሊ ግን የማያውቃትን ካይሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲናፍቅ፣ አልፎም ሌላውን ሲያስናፍቅ ኖሯል። በወታደርነቱ ዘመን ሁለት ዓመት ሙሉ ከከተማዋ ውጭ፣ በረሃ ላይ የጎማ መጋዘን ሲጠብቅ ነው የቆየው። ካይሮን ያየው ከባቡር ጣቢያው በር እስከ ወታደር መኪናው ድረስ ብቻ ነው፤ ቢበዛ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። የቀረውን አብሮት ዘብ ይቆም የነበረ የካይሮ ልጅ ነገረው። ታዲያ በደቡብ ወዳለው አገሩ ወደ ሶሃግ ሲመለስ የሰማውን ሁሉ እንዳየው አድርጎ አወራ። ሰርግ ላይ አወራ፣ ለቅሶ ቤት አወራ። የመስኖ ቦይ ጠባቂ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ ከመንደሩ ወደ ካይሮ የሚሄድ ሰው እሱን ሳያማክር ባቡር አይሳፈርም ነበር። ነዕማትም በዚሁ በባሏ ዕውቀት በሴቶች መካከል ቀና ብላ ኖራለች።

ዛሬ ግን ጉዱ ሊፈላ ነው። ታክሲ ያልያዘውም ለዚሁ ነው፤ ሾፌሩ «በየት በኩል ልውሰዳችሁ?» ቢለው ምን ይመልሳል? ስለዚህ ጣቢያው አጠገብ ካለው ማረፊያቸው ገና ሲወጡ «ካይሮ በእግር ካልሆነ አትታይም» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ነዕማትም አላጉረመረመችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃቸው ሩሽዲ ከበሽታው ሲነሣ የተሳለችውን ስለት በሰይዳ ዘይነብ መስጊድ ማድረስ።

ሰው መጠየቁ አልቀረም፤ ተደብቆ ነው እንጂ። «አንድ የማውቀው ሰው አየሁ፤ ሰላም ልበለውና ልምጣ» ይልና፣ እሷን ጥላ ሥር አቁሞ ወደ አንዱ ሻጭ ጠጋ ይላል። የካይሮ ሰው ደግሞ ደግ ነው። መንገድ የጠየቀውን እንግዳ «አላውቅም» ብሎ መሸኘት ነውር ይመስለዋል።

«ቀጥ በል ሐጅ፣ ከዚያ በስተቀኝ» አለው ባቄላ ሻጩ።

«ማነው ደግሞ በቀኝ ያለህ? በግራ ነው እንጂ! ድልድዩን ስታገኝ ትታጠፋለህ» አለው ቀበቶ ሻጩ። ድልድይ የሚባል ነገር አላገኘም። ጋዜጣ ያነብ የነበረ ሽማግሌ ደግሞ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ክንዱን ይዞ እስከ መንታ መንገዱ ሸኘውና፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ ወደመጡበት መልሶ ሰደዳቸው። ሁሉም መርቀው ነው የላኩት።

«የሩሽዲ አባት» አለች ነዕማት ከኋላው እያነከሰች፣ «ይሄ ሁሉ ወዳጅ እያለህ አንዱ እንኳ ሻይ ጠጡ አይለንም?»

«የካይሮ ሰው ሥራ ይበዛበታል።»

«መስጊዱስ? እሱም ሥራ በዝቶበት ነው ቦታ የቀየረው?»

ሻዝሊ ግንባሩን ጠረገ። ጀለቢያው በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ነዕማት ከዚያ በላይ አልሄደችም፤ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ለዚህ ጉዞ የተገዛላትን አዲስ ጫማ አወለቀች። ተረከዟ ተልጦ ደም ይዟል።

«አልቄያለሁ። ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች።

የሸንኮራ ጭማቂ ገዝቶ ሰጣትና አጠገቧ ቆመ።  ተረከዟን ባየ ቁጥር እውነቱን ሊነግራት ፈለገ። ነገር ግን መንደሩን አሰበ። የውኃ ቀጂዎቹን ሳቅ አሰበ፤ ከሁሉ ይልቅ ከነገ ጀምሮ እሷ እሱን የምታይበትን ዓይን አሰበና ፈራ።

እንዲህ ቆሞ ሳለ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት፣ የምግብ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እሱን መርጣ መጣች። የአገሯን ሰው ጥምጥም አይታ ነው። አነጋገሯም የደቡብ ነው።

«የአገሬ ሰው፣ እባክህ የልብ ሆስፒታሉ በየት ነው? ከጠዋት ጀምሮ አንዱ ወዲህ ሲለኝ፣ ሌላው ወዲያ ሲለኝ እግሬ ቀጠነ። ባሌን ዛሬ ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉለት ነው። አሥር ሰዓት ካለፈ አያስገቡኝም።»

ነዕማት ከደረጃው ላይ ቀና አለች። «ዕድለኛ ነሽ እህቴ! ትክክለኛው ሰው ጋ ነው የመጣሽው። የኔ ባል ካይሮን እንደ መዳፉ ነው የሚያውቃት» አለች።

ሻዝሊ በፊቷ ላይ ሹፈት ፈለገ፤ አላገኘም። ከልቧ ነው።

ቀኝ እጁ ሳያስበው ተነሣ። «ቀጥ ብለሽ...» ሲል ጀመረ። ሴትዮዋ «አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ» እያለች፣ እስኪጨርስ እንኳ ሳትጠብቅ፣ ጣቱ ወዳመለከተበት መራመድ ጀመረች።

«ቆይ!» አላት። እጁን አወረደ። «አላውቅም።»

«ምን አልክ?»

«የት እንደሆነ አላውቅም እህቴ። እኔም ካይሮን ሳይ ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው።»

ሴትዮዋ አፍጥጣ አየችው። «ከጠዋት ጀምሮ አላውቅም ያለኝ አንተ ብቻ ነህ» አለች።

ሻዝሊ ወደ ነዕማት ለመዞር አልደፈረም። የጭማቂው ብርጭቆ ደረጃው ላይ ሲቀመጥ ሰማ። 

«የመጀመሪያ ቀንህ» አለች ነዕማት ከኋላው።

«አዎ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ...» አለችና ተወችው። የቆሰለውን እግሯን ጥርሷን ነክሳ ጫማው ውስጥ ከተተችና ተነሣች። የሴትዮዋን ቋጠሮ ከእጇ ተቀበለች። «ነይ እህቴ፣ ከማዶ መድኃኒት ቤት አለ። ስልክ ደውለው ያጣሩልናል። የኔ ስለት ነገም ይደርሳል» አለቻት።

ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው መንገዱን ተሻገሩ። ሻዝሊ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ነዕማት ዞር አለች፤ ፊቷ እንደ ተቆጣ ነው።

«ምን ይገትርሃል? ና እንጂ!» ብላ ጮኸች። «ብቻህን ትጠፋለህ።»