የሁዳዴ ነጭ ሻይ

ነጣ፣ ሻይ ነጣ፣ ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አወጣዋለሁ፣ አሁንም ነጭ ነው፣ ላም ሳትታለብ የነጣ ሻይ፣ ሞጣ አደገች ሲሉ ይህንን ኖሯል፣ እንግዶቹ ከቀደሙኝ ከፔርሙዙ ይቅዱላቸው አባባ፣ ዳቦ ይዤ መጣሁ፣ ብላ ሄደች ልጄ እፀገነት፣ ዲፕሎማዋን በመስተዋት ከግድግዳ የሰቀለች፣ ሻይ ግን ከከረጢት በጥብጣ የምታጠጣ።

ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ባዶ። የቅመም ሻይ ይላል በትልቁ፣ የኮረሪማ ሥዕል አለበት፣ ሥዕል፣ ሥዕል ይፈላል እንዴ፣ ከሥዕሉ ሥር ጉንዳን የሚያህል ጽሑፍ፣ እኔ ዳዊት ሳልደግም ከቄስ ትምህርት ቤት ለእርሻ የተጠራሁ ሰው ነኝ፣ ፊደል ግን አይጠፋኝም፣ ስኳር፣ የሻይ ቅጠል፣ የወ፣ ተ፣ ት፣ ደግሜ አነበዋለሁ። የወተት ዱቄት። በሁዳዴ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፣ አሁን ቅዳሴ ይወጣል፣ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደዚህ ነው የሚመጡት፣ የቤቱ የነፍስ አባት አባ ወልደ ኪዳን፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ውሃ ያልቀመሱ፣ እና አማቷ ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ የቢቸናዋ ሙሽራ መጽሐፍ እንጂ ጓዳ አታውቅም ብላ በሠርጉ ማግስት ለሞጣ ሁሉ ያወጀች፣ ዛሬ ደግሞ ቄሱን በወተት አስገደፈች ብትል፣ ያ ስም በምን ይታጠባል፣ ልጄ እስክታረጅ ይከተላታል።

ሰነፍ። ትናንት ከአውቶቡስ ወርጄ የእናቷን ቋጠሮ ሰጠኋት፣ ኮረሪማ፣ ደረቅ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ፣ ሚስቴ ማስተዋል ከቢቸና ገበያ ለቅማ በነጠላ ቁራጭ የቋጠረችው፣ ምን አለፋዎት አባባ፣ እዚህ እኮ ተፈጭቶ ተዘጋጅቶ አለ፣ ጊዜ ይቆጥባል፣ አለች፣ ባሏ ሐብታሙም ከቢሮው ቋንቋ ጨመረላት፣ ሲምፕል ነው አባቴ፣ ውሃ ብቻ፣ ቆጥበው ቆጥበው ያንን ጊዜ የት እንዳስቀመጡት እንጃ፣ እኔ የማያቸው ሲሮጡ ነው። ቋጠሮው መደርደሪያው ላይ እንዳለ አለ። አልተፈታም።

ፔርሙዙን ከደጅ እደፋዋለሁ፣ ውሻው ይልሰዋል፣ ጣመው፣ ይላስ፣ ውሻ ጾም የለበት።

ሙቀጫ የለም። ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሙቀጫ የለበትም፣ ድንጋይ ግን ሞጣም አለ፣ ከአጥሩ ሥር አንዱን አነሳለሁ፣ በፈላ ውሃ አጥበዋለሁ፣ ኮረሪማውን እፈለፍላለሁ፣ ሦስት ፍሬ፣ ቅርፊቱ ይጣል፣ ዝንጅብሉ ሁለት ጣት፣ ቅርንፉዱ ቆንጠር፣ መልሼ ቋጥሬ ከደጃፉ ላይ እወቅጣለሁ፣ ጺሙ የሸበተ ወንድ፣ በሴት ልጁ ደጃፍ ተንበርክኮ፣ ቢቸና ብታየኝ። ጎረቤቷ ሰሎሜ በአጥር ብቅ ትላለች፣ ውይ የእፀገነት አባት፣ ምን እየወቀጡ ነው? ጥርሴን። ኧረ ዝንጅብል ዝንጅብል ሸተተኝ። አፍንጫሽ ደህና ነው፣ ምላስሽን ጠብቂ። ወንድ ሲወቅጥ ዛሬ አየሁ! ልጄ አዝዛኝ ነው፣ እላለሁ። አንድ ውሸት። እየሳቀች ትሄዳለች።

እጄ አልረሳውም፣ እፀገነት የተወለደች ክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ አንዲት ሴት እንኳ መሻገር ሲያቅታት፣ አራሷን ማስተዋልን ሰባት ቀን ቅመም ወቅጬ ሻይ ያጠጣሁ እኔ ነኝ፣ በሩን ዘግቼ፣ ለሰው ትንፍሽ እንዳትይ ብዬ፣ አልተነፈሰችም፣ ለልጇም ጭምር። ልጅቷንስ ከጓዳ ያስወጣ ማን ነው፣ እናቴን ላግዝ ስትል ውጪ፣ አንብቢ ያለ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ የሳምንት ስንቅ አሸክሞ ከገጠር ቢቸና ለትምህርት በኪራይ ቤት ብቻዋን የተዋት፣ ማን ያሳያት፣ ከረጢቱ አሳያት፣ ሰነፍ ትላለህ ደግሞ፣ አንተ አባት ተብዬ። ዝም ብለህ ወቅጥ።

ውሃው ይንተከተካል። ቋጠሮውን እንዳለ በራዱ ውስጥ እጥለዋለሁ፣ መጀመሪያ ቅመሙ ይውጣ፣ ቅጠሉ ኋላ፣ ቀላ፣ ይኼ ነው ሻይ፣ ቤቱ ሸተተ፣ እስካሁን የሳሙና ሽታ ብቻ ነበረው።

እፀገነት ዳቦዋን ታቅፋ ትገባለች፣ ባዶውን ፔርሙዝ ታያለች፣ አፏን ሳትከፍት ከረጢቱን እሰጣታለሁ፣ አንብቢ፣ እኔ የታገልሁትን በአንድ ዓይን ትጨርሰዋለች፣ ፊቷ አመድ ይመስላል፣ አባባ፣ ሞትሁ። አልሞትሽም፣ ዳቦውን ቁረጪ።

ገቡ። አባ ባርከው ፉት ይላሉ፣ ደግመው ፉት፣ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ብርጭቆዋን ወደ ብርሃን ታነሳለች፣ እንከን ፍለጋ፣ ትቀምሳለች፣ አንቺ፣ ይኸን ደግሞ ከየት ገዛሽው? ልጄ እኔን ታየኛለች፣ መሬት ታያለች፣ መልሳ ታየኛለች። እሷ ናት ያፈላችው፣ እላለሁ፣ ከእናቷ ነው የለመደችው። ሁለት ውሸት። ሴትዮዋ አንድ ነገር ልትል ነበር፣ ከሻዩ ጋር ዋጠችው፣ ብርጭቆዋን ትዘረጋለች፣ ድገሚኝ እስቲ። ድገሚኝ! ያቺ ምላስ።

እፀገነት በራዱን ይዛ አጠገቤ ጎንበስ ትላለች፣ በሹክሹክታ፣ ስንት ፍሬ ነው አባባ? ሦስት፣ እላለሁ፣ ቅርፊቱን ጥለሽ፣ ቅጠሉን ኋላ። አባ ቀና ብለው ያዩኛል፣ ሰሙ አልሰሙ፣ እሳቸውም ብርጭቆ ይዘረጋሉ፣ እኔ ግን በሁዳዴ፣ በቄስ ፊት፣ ከወተት ያዳንሁትን ጾም በውሸት ገደፍሁት፣ ነገ እናዘዛለሁ፣ ነገ፣ አሁን ለእኔም ትቅዳልኝ።