ለእፀገነት የነገራት ማን ነው

እፀገነት ምን እንደምትሠራ ለዳገት በር ሰው አስረድታ አታውቅም፤ ሞክራለች እንጂ። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ሴቶቹ ከበቧትና፣ «ስንዴውን የምትሰፍሪው አንቺ ነሽ?» አሏት።

«አይ፣ እኔ አልሰፍርም።»

«መዝጋቢ ነሽ?»

«መዝጋቢም አይደለሁም። ስንዴው እንዴት መታደል እንዳለበት ደንብ እናወጣለን። የሰብዓዊ ጉዳይ ፖሊሲ ባለሙያ ይባላል።»

ጥሩሸዋ የተባሉ ባልቴት እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲህ ስንዴውን የማትነካ፣ ስንዴውን የምታዝ ናት» ብለው ለሌሎቹ ተረጎሙላቸው። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አዲስ አበባ ባለው መሥሪያ ቤቷም አልተገኘም።

ዳገት በር ከሞላሌ ወዲያ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ያለች የስልሳ አንድ ቤት ጎጥ ናት። በዚያ ዓመት ገብሱ ሊያሽት ሲል ውርጭ ጠበሰውና የእፀገነት ድርጅት የሃያ ሁለት ቤት ስም ጽፎ ስንዴ መስጠት ጀመረ። ሃያ ሁለቱ ከሠላሳ ዘጠኙ በምን እንደሚብሱ የሚያውቀው ድርጅቱ ብቻ ነበር።

እፀገነት ሁለተኛ ስትመጣ አንድ ነገር አስተዋለች። ስማቸው ያልተጻፈ ቤቶች ልጆች ከተጻፉት አልከሱም። ማታ ማታ የምታርፈው በጎጡ ሽማግሌዎች አውራ በአቶ ተክለጻድቅ ቤት ስለነበር እሳቸውን ጠየቀች። እናቷ የዚያው አገር፣ የመሐል ሜዳ ሰው ነበረችና እንደ ልጃቸው ያይዋታል።

«ለወረቀት ካልሆነ ልንገርሽ» አሉ። «ስሙ ያለው ፈርሞ ይቀበላል። ከዚያ ሁሉም ነጋዴው ሽኩር መጋዘን ያገባዋል። በቁና ሰፍረን ለስልሳ አንድ እንካፈላለን። ክርስቲያኑ በሚካኤል፣ እስላሙ በቁርኣን ላይናገር ምሏል።»

«ደንቡ እኮ ይከለክላል ጋሼ። የተመዘገበው ብቻ ይብላው ነው የሚለው።»

«ደንቡን ያወጣው ሰው ጎረቤት የለውም?»

እፀገነት ዐይኗ እንባ አቀረረ። ሰባት ዓመት ሙሉ በስብሰባ ላይ ስትሰማው የኖረችው የማኅበረሰብ መደጋገፍ እዚህ በቁና ተሰፍሮ አገኘችው። ደንቡ ራሱ እንዲቀየር ይህንን መጻፍ አለብኝ አለቻቸው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። እኛ ደግሞ አፋፉ ላይ ነን።»

«የሰውም የአገርም ስም አይነሳም። የነገረንን ሰው አለማውጣት የመጀመሪያው ደንባችን ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

አቶ ተክለጻድቅ ደንብ የጻፈ ሰው አይተው አያውቁምና አመኗት።

ጽሑፉን ለአለቃዋ ለአንዷለም ሰጠች። አንዷለም የእናቷ ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን የተቀመጠ ሰው ነው። «እፁ፣ ይሄ ወርቅ ነው። ለውስጥ መማማሪያ ብቻ ነው፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አላት። በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። ከክፍሉ ብቻ ሳይሆን ከአገር ወጥቶ ለጋሾቹ ዘንድ ደርሶ ተመለሰ። ሲመለስ እሷ «ተካፈሉ» ያለችው «ከታለመለት ዓላማ ውጭ ዋለ» ሆኗል፤ «አንዲት ደጋ ጎጥ» ያለችው «ዳገት በር» ሆኗል። ሳይነካ የተመለሰው ከላይ የተጻፈው የእሷ ስም ነበር።

«ስሜንስ ለምን ተውከው?» አለችው።

«ልፋትሽን ሌላ ሰው እንዲወስደው አልፈለግሁም» አላት፣ ከልቡ።

በማግስቱ ስንዴው ቆመ። የቀበሌው በር ላይ የተለጠፈው ደብዳቤ፣ «ከነዋሪው በተገኘ ጥቆማ መሠረት» ይላል። ዳገት በር ከደብዳቤው ሁሉ ያነበበው ያቺን አንድ መስመር ነው።

እፀገነት ፈቃድ ወስዳ በራሷ ወጪ መጣች። በጠዋቱ ለአቶ ተክለጻድቅ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የሱፍ ባናቸውን እንደተከናነቡ አዳመጧት።

«ዛሬ አውጫጭኝ ተጠርቷል» አሉ።

«ተነስቼ ይቅርታ ልጠይቅ ጋሼ።»

«ተይ፣ የጋለ ሰው ጆሮ የለውም። የምመራው እኔ ነኝ፣ አለዝበዋለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ዝም ብላ ልትቀመጥ ሄደች። ከአንዷለም በኋላ የምታምነው እሳቸውን ብቻ ነበር።

አውጫጭኝ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ከሜዳው የማይወጣበት ጉባኤ ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ይመጣል፣ በየተራ ይምላል፣ የሰማውን ይናገራል። ከማን እንደሰማ አይጠየቅም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ካለ በቂ ነው። እፀገነት በልቧ፣ እኛ ነጋሪውን ላለማውጣት ስልሳ ገጽ የፈጀንበትን እነዚህ በአንዲት ወፍ ጨረሱት አለች።

የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ሰዎች ወፍ አልነገረቻቸውም። ከዚያ የአቶ ተክለጻድቅ የወንድም ልጅ አፈወርቅ ተነሳ። «ወፍ የነገረችኝ፣ የተናገረው ሰው በሩ ብረት ነው።»

በዳገት በር የብረት በር ያለው መጋዘን አንድ ነው። ስልሳ ራስ ወደ ሽኩር ዞረ።

«የድርጅቱ መኪና የሚቆመውም እሱ ደጃፍ ነው» አለ ሌላው።

ሽኩር ብድግ አለ። «ሌላ ምን መቆሚያ አለ? ገደል ውስጥ ይቁም?» ሰው ሳቀ፤ ሽኩር አልሳቀም። «ከስንዴው አንድ ቁና ነክቻለሁ? ድርሻዬን እንኳ ለጥሩሸዋ ነው የሰጠሁት። ቁልፌን አስረክቤ የሰፈራችሁት በኔ መጋዘን አይደለም ወይ?»

«ስንዴው ሲቀር ዱቄት የሚሸጠው ማን ነው ታዲያ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ጥሩ ክርክር ነበር። ሃይማኖቱን ማንም አላነሳም፤ ማንሳትም አላስፈለገም።

እፀገነት ወደ አቶ ተክለጻድቅ አየች። አሁን ያለዝቡታል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ወደ ገደሉ ጉም ይመለከታሉ።

«ሽኩር፣ ተቀመጥ» አሉ። «ወፏ ከተናገረች ተናገረች ነው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ከእሱ የሚገዛ፣ ለእሱ የሚሸጥ፣ ለቅሶው የሚደርስ...»

ማለዘብ ያሉት ይህንን ነበር። ሰው ያመነ ጉም የዘገነ ሲባል የምትሰማው እፀገነት እጇ ባዶ እንደሆነ ታወቃት። ሽኩር የሦስት ትውልድ ደንበኛውን ሊያጣ አንድ አረፍተ ነገር ቀርቶታል። ተነሳች።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ስንዴውን የማትነካው!» አሉ ጥሩሸዋ።

አቶ ተክለጻድቅ አረፍተ ነገራቸውን አልጨረሱም። ቀና ብለው አዩዋት፤ ድምፃቸውም አልተንቀጠቀጠም። «ማን ነገረሽ ልጄ?»

መልሱን ከሰማይ በታች የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጠየቀ፣ አንዷ ተጠየቀች።

«የነገረኝን አልናገርም» አለች። «ጋሽ ሽኩር ግን አይደሉም።»

«ይኸው! እሱን ለመሸፈን ነው!» አለ አፈወርቅ። ጉባኤው አጉረመረመ።

ሽኩር ነጋዴ ነው፤ የጎደለ ዕቃ የሚገኘው መደርደሪያውን ሁሉ በመቁጠር እንደሆነ ያውቃል። ኮፍያውን አወለቀና ፊቷ ቆመ። «የነገርኩሽ እኔ ነኝ?»

«አይደሉም።»

አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞረ። «አንተም ተነስና ጠይቃት።»

ሰውየው ተነሳ። «እኔ ነኝ?» «አይደለህም።» ቀጣዩ ተነሳ። «እኔስ እመቤቴ፣ ከእበት ሌላ የማላውቀው?» «አይደለህም።» ጥሩሸዋ ጥርስ የለኝም፣ ምን ልናገር ብለው ጠየቁ። አፈወርቅ ሳይቀር ተነስቶ ጠየቀ። ሠላሳኛው ላይ ስትደርስ ወዴት እየሄደች እንደሆነ ገባት። ያ የጻፈችው ደንብ ስም አትጥሪ ይላል እንጂ ሌላውን ሁሉ «አይደለህም» አትበይ አይልም። ብታቆም ደግሞ ያልጠየቀው ሁሉ ተጠርጣሪ ሊሆን ነው። አላቆመችም።

ስልሳኛው ሰው ተቀመጠ።

«አንድ ሰው ቀረ ጋሼ» አለ ሽኩር።

«መሪ አይጠይቅም» አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

ስልሳውም ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ። ነፋስ ብቻ ጋቢዎቹን ያነሳል፣ ይጥላል። በመጨረሻ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። እፀገነትን ያዩበት ዐይን የሚለምን ዐይን አልነበረም፤ ያበላ፣ ያስተኛ፣ ልጄ ያለ ሰው እርግጠኛ ዐይን ነበር።

«እኔ ነኝ የነገርኩሽ ልጄ?»

ስልሳ ጊዜ «አይደለም» ያለ አፍ አንድ ጊዜ መድገም አይከብደውም። ሽኩርን አየችው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

የጮኸ የለም። አቶ ተክለጻድቅ ከዘራቸውን ለጎናቸው ሰው አቀበሉና ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ሰዉ ትንሽ ፈቀቅ አለላቸው፣ ቦታ ለመስጠት የሚመስል ግን ያልሆነ። ጉባኤው ተበተነ። ስንዴው እንደሆነ አልተመለሰም።

ሽኩር በአጠገቧ ሲያልፍ ቆም አለ። ምስጋና የጠበቀች መሆኗን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልልሽ ነበር» አላት። «ግን እሳቸውም አምነው ነው የነገሩሽ።»

ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ።

እቤት ስትደርስ የአቶ ተክለጻድቅ ሚስት ጌታነሽ ከደጃፉ ወዲህ ቆማለች። የእፀገነት ሻንጣ ተዘግቶ እግሯ ሥር ተቀምጧል፤ ያጠበችላት ሻርፕ ደርቆ፣ ተጣጥፎ ከላይ ተደርጎበታል።

«መኪናው እንዳያመልጥሽ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

እስከ ነገ ወደ ሞላሌ የሚሄድ መኪና እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

«አያመልጠኝም እትዬ» አለች እፀገነት፤ ሻንጣዋንም አነሳች።